ቀናቸው ሳይሞላ የሚወለዱ የጀጎል ልጆች

የተከበራችሁ የአፎቻ (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) እና የዕድር መሪዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አዋላጅ ነርሶች፣ እንዲሁም ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ በግንብ የታጠረችው የሐረር ጀጎልና የአካባቢው ነዋሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ እናት ውለታ ስናወራ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን በማህፀኗ ተሸክማ» እንላለን። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጋቢት 29 ከሚውለው ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ድረስ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወርና አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ሲሆን፣ ሲደመር 275 ቀን ይመጣል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስተን 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት እንቆጥራለን። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። የዛሬው ንግግሬ ግን ቁጥሩን ሳይሞሉ ስለሚወለዱት ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል፤ በእኛ ወር ሲሰላ ስምንት ወር ከ19 ቀን ሳይሞላው ማለት ነው። ከ32 ሳምንት በፊት፣ ማለትም ሰባት ወር ከ14 ቀን ሳይሞላው የመጣ ልጅ ብዙ እርዳታ ይፈልጋል፤ ከ28 ሳምንት በፊት፣ ስድስት ወር ከ16 ቀን ሳይሞላው የመጣው ደግሞ ትልልቅ ከተሞች ባሏቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር የሚያሳስብ ነው። ሳምንቱን ወደ ወርና ቀን የመለስኩላችሁ ያለምክንያት አይደለም። እናቶች ወደ እኛ ሲመጡ በወር ቆጥረው ይመጣሉ፤ እኛ በሳምንት ጠይቀናቸው ሲደናገሩ «አታውቅም» ብለን ካርዱ ላይ እንጽፋለን። የምታውቀውን በእኛ ቋንቋ ስላልተናገረች ብቻ እንደማታውቅ የተቆጠረች እናት ስንት ናት ብዬ አስባለሁ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ በዚያ ወር የሐረር ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለእናንተ አልነግርም። ከቡዳ በር ብዙም ሳይርቅ በምትኖር አንዲት እናት ላይ ምጡ የጀመረው ገና ሰባት ወር ተኩል ሳይሞላት ነው። ቤተሰቡ ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ጠበቀ። ልጁ የተወለደው እዚያው ቤት፣ የሐረሪ ቤት መደብ በሆነው ነደባ ላይ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ከተወለደ በኋላ በወጉ በለብታ ውኃ ታጠበ፣ በነጠላ ተጠቀለለ፣ አያቱ አቅፈውት እናቲቱን ሁለት ወንዶች ደግፈው ባጃጅ መግባት በማይችልበት ቀጭን የጀጎል መንገድ እስከ በሩ ድረስ በእግር ወጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ ከተወለደ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ነጠላውን ስፈታው እርጥብ ነበር። እግሩን በመዳፌ ያዝኩት፤ ሌሊት ደጅ ያደረ ድንጋይ የነካሁ መሰለኝ። የሙቀት መለኪያው 33.4 አሳየ፤ የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 በታች መውረድ የለበትም። ሚዛኑ 1,380 ግራም አለ። ሁለት ቀን ኖረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ትንፋሹ እየራቀ ሄዶ ቆመ።

አያቱን ማንም እንዳይወቅሳቸው እለምናለሁ። ያጠቡት ንጹሕ እንዲሆን ብለው ነው፤ የጠቀለሉት እንዲሞቀው ብለው ነው፤ በዚያ ጨለማ አቅፈውት የወጡትም ስለወደዱት ነው። ሙሉ ቀኑን ጠብቆ ለተወለደና ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይህን ያህል ባልከፋ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ልጅ ግን ከቆዳው ሥር ስብ የለውም፤ ቆዳው ራሱ ስስ ነው፤ እርጥበት በላዩ ላይ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ቅዝቃዜ ሲገባው ሙቀት ለማምጣት ያለውን ስኳርና ኦክስጅን ያቃጥላል፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይደክማል፣ በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ሲመጣ የሚመክትበት አቅም አይቀረውም። ይህን ለአያቱ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። እኔም ብሆን እስከዚያ ሌሊት ድረስ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቼ ለአንድም አያት ነግሬ አላውቅም ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ከዚያ ሌሊት የተነሳ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለ ከተማችን ጥቂት ልበል። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ግንቡ ከ50 ሄክታር ያነሰ መሬት ነው የሚከብበው። ከየትኛውም በር ተነስቶ ከተማይቱን በእግር አቋርጦ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም፤ የክልሉ ሆስፒታልም፣ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለን። አገራችን ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ለመድረስ በቃሬዛ ተራራ የምትወርድበት አካባቢ ብዙ ነው፤ እኛ እንደዚያ አይደለንም። እንግዲህ ልጆቻችን ከሌላው የተሻለ ዕድል ሊኖራቸው ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሌላ ነገር ነገረን። በሐረሪ ክልል በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ 57ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ 34ቱ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያው ጥናት የአዲስ አበባው ቁጥር 28 እና 18 ነበር።  ጥናቱ ከጀጎል ውጭ ያሉትን የክልሉን ገጠር ቀበሌዎች ጭምር እንደሚያጠቃልል አውቃለሁ፤ ቁጥሩን ሁሉ በግንቡ ውስጥ ባሉ እናቶች ላይ አልጭንም። ቢሆንም ይህን ያህል ትንሽ የሆነች፣ ሆስፒታል በደጇ ያለ ክልል ከአዲስ አበባ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሕፃናት የምታጣ ከሆነ፣ መንገድ ራቀን ማለት አንችልም። የእኛን ልጆች የሚገድላቸው ሌላ ነገር ነው።

ከቁጥሮቹ አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን ከ1,000 ሕፃናት 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ ለዚህም ክትባቱን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ የወባ አጎበሩንና ሕይወት አድኑን ንጥረ ነገር ማመስገን ይገባል። የቀነሰው ሞት ግን ባብዛኛው የትልልቆቹ ሕፃናት፣ ተቅማጥና ኩፍኝ የሚገድላቸው የነበሩት ልጆች ሞት ነው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ድርሻ በ2000 ከጠቅላላው ግማሽ ያህል ነበር፤ በ2016 ከአሥሩ ስድስት ሆነ። ክትባት ደርሶላቸው የማያውቁ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው የሚሄዱት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ከእነዚህ መካከል ደግሞ ትልቁን ቦታ የያዙት ያለጊዜያቸው የተወለዱት ናቸው። በዓለም ላይም እንዲሁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል።

ምን እንደሚገድላቸው በግምት አንናገርም፤ አገራችን ውስጥ ተጠንቷል። በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የተከታተለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በጥናቱ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት ውስጥ 29 በመቶ ያህሉ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ለሞታቸው ዋና ምክንያት ሆኖ የተገኘው በ45 በመቶዎቹ የሳንባ አለመብሰል ያመጣው የመተንፈስ ችግር፣ በ30 በመቶዎቹ ኢንፌክሽን፣ በ14 በመቶዎቹ ደግሞ በወሊድ ጊዜ መታፈን ነው። ቅዝቃዜ በዝርዝሩ ራስ ላይ የለም። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን ቅዝቃዜ ሌሎቹን ሁሉ በር ከፍቶ የሚያስገባ መሆኑን ነው። ሳንባው ያልበሰለ ልጅ ሲቀዘቅዝ ያችን ያለችውን ትንፋሽ ያጣል፤ የቀዘቀዘ ልጅ አይጠባም፤ ያልጠባ ልጅ ኢንፌክሽን ይጥለዋል።

ስለ ሳንባው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጆች «ልጄ መልኩ ሙሉ ነበር፣ ጣቱም ጥፍሩም ሙሉ ነበር፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ይሉኛል። የጎደለው በዓይን አይታይም። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየር በወጣ ቁጥር ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሳይ ነገር አለ፤ ማህፀን ውስጥ በበቂ የሚመረተው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። እሱ የሌለው ልጅ እያንዳንዱን ትንፋሽ የሚስበው አዲስ ፊኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚነፋ ሰው በጭንቅ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በተነፈሰ ቁጥር ያቃስታል፣ ሲደክመው ያቆማል። ይህ ችግር ሀብታምና ድሃ አይለይም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ፣ ሁለት ኪሎ ያህል እየመዘነ ተወለደ፤ የዓለም ኃያል መንግሥት መሪ የነበሩት አባቱ ሊያድኑት አልቻሉም፤ በሁለት ቀን ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተ። ዛሬ የዚያ ልጅ ዓይነት ሕፃን እዚህ እኛው ዘንድ በቀላል መሣሪያ፣ አየርን በአፍንጫ በግፊት እየሰጠ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ በሚያወጣ ቱቦ ሊድን ይችላል። እኔ ራሴ ሲድኑ አይቻለሁ። ከ1963 ወዲህ ዓለም የተማረው ይህን ያህል ነው፤ ትምህርቱ ግን እያንዳንዷ እናት ዘንድ አልደረሰም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ፤ ልባችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ አንድ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ተጨናንቆ ነበር። ማሞቂያ መሣሪያው አይበቃም፤ በአንዱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሕፃናት ይተኛሉ፤ ኢንፌክሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም ሕፃናቱን ከማሞቂያው አውጥተው በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ከቆዳ ጋር ገጥሞ፣ ቀጥ አድርገው በጨርቅ አሰሯቸው። ባልደረባቸው ሄክቶር ማርቲኔስም ሥራውን አብረው አስፋፉት። ይህን ዘዴ ያፈለቀው የመሣሪያ እጥረት የነበረበት፣ ችግሩ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ሆስፒታል ነው። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው። እኛም ዘንድ ቀደም ብሎ ተሞክሯል። ዶክተር ቦጋለ ወርቁ በአዲስ አበባ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናት፣ ገና በመጀመሪያ ሰዓቶች በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት 22.5 በመቶው ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 38 በመቶው ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ይህንኑ አጸና፤ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ እንደተወለደ በእናቱ ደረት ላይ ሲደረግ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በሩብ ያህል ቀነሱ። አንድ አዲስ መድኃኒት ይህን ውጤት ቢያመጣ ኖሮ መንግሥታት በአውሮፕላን ያስመጡት ነበር።

እንዴት እንደሚደረግ ላሳያችሁ። ልጁ ዳይፐርና ኮፍያ፣ ካለም ካልሲ ብቻ ይደረግለታል። ሰውነቱ በደንብ ይደረቃል፤ አይታጠብም፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። እናቲቱ ደረቷን ትገልጣለች፤ ልጁ በሁለቱ ጡቶቿ መካከል እንደ እንቁራሪት እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይቀመጣል። ነጠላው ወይም ሻርፑ ከልጁ ጀርባ ዞሮ በእናቲቱ ጀርባ ይታሰራል፤ ከላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረባል። ከዚያ እናቲቱ በከፊል ቀና ብላ ትተኛለች፣ ትቀመጣለች፣ ትበላለች፣ ሌሊትም በዚያው ታድራለች። ሰውነቷ ይሞቃል፣ ሲያስፈልግም ሙቀቱን ይጨምራል። የልቧን ምት እየሰማ ልጁ ትንፋሹን ያስተካክላል፤ መተንፈስ የረሳ ልጅ እናቱ ስትንቀሳቀስ ያስታውሳል። ጡት ቅርብ ነው፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ በጠብታም ቢሆን ይሰጠዋል። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት፣ በምትኩ ቅቤ ማጉረስ ወይም ስኳር በውኃ መስጠት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ አንጀቱ ላልበሰለ ልጅ ይህ ብርቱ ጉዳት ነው፤ በዚህ ላይ ሽማግሌዎች ቃል ብትሰጡ የእኛን መቶ ምክር ይበልጣል።

አባትም ደረት አለው፤ አያትም ደረት አላቸው። እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ካልተነሳች፣ ደም ፈሷት ከደከመች፣ ሌላው ይተካታል። ከዚያ የታኅሣሥ ሌሊት ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ከኤረር በር ወገን አንዲት አያት መጡ። ልጅቱ 1,290 ግራም ነበረች። አያት በባጃጁ ውስጥ ቀሚሳቸውን ከደረታቸው ገልጠው፣ ልጅቱን አድርቀው ከሥጋቸው ጋር አስገጥመው፣ ራሷን በሻሽ ሸፍነው ነው ያመጧት። «ጎረቤቴ እንዲህ አድርጊ ብላ ነግራኝ ነው» አሉ። ሙቀቷን ስለካ 36.6 ነበር። ሦስት ሳምንት ከእኛ ዘንድ ቆይታ በእናቷ ደረት ላይ እንዳለች ወደ ቤቷ ሄደች። ያቺ ጎረቤት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። እዚህ አዳራሽ ካለች እጇን መጨበጥ እፈልጋለሁ።

ይህ ሁሉ ያለ ገንዘብ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ የጤና ተቋም እናቶች በወለዱ ማግስት ከአልጋ ይወጡና ልጆቻቸው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይቀሩ ነበር። አራሶቹ ኮሪደር ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ ነጠላ አንጥፈው፣ በየሦስት ሰዓቱ ለማጥባት ሲጠሩ ይነሱ ነበር። ቤታቸው ሌላ ልጅ አለ፣ ምግብ የሚያመጣላቸው የለም፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን «ልሂድ፣ ፈጣሪ ያውቃል» ብለው ልጁን ታቅፈው ይወጣሉ። እኛ መዝገቡ ላይ «ያለ ሐኪም ፈቃድ ወጣች» ብለን እንጽፋለን። ምግብና መኝታ ያጣችን አራስ በዚህ ቃል መክሰስ ያሳፍረኛል። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚሠራው እናቲቱ የምትተኛበት አልጋ፣ የምትበላው ትኩስ ነገር፣ የምትታጠብበት ውኃ ሲኖር ነው። ስለ ውኃ ደግሞ ለሐረር ሰው ምን እላለሁ? ለከተማችን ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ቧንቧ ቀን ቆጥሮ መምጣት ምን እንደሆነ እያንዳንዳችሁ በጀሪካናችሁ ታውቁታላችሁ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውኃ ሲያጣ ነርሷ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ያልታጠበ እጅ ይዛ ትሄዳለች፤ እንደ ክሌብሲዬላ ያሉ፣ መድኃኒት የለመዱ ተህዋስያን የሚሻገሩት በዚያ እጅ ነው።

ልጁ ከመወለዱ በፊት ስላለው ጊዜ ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር፤ በየጤና ጣቢያው የምትሰሙት ስለሆነ አላረዝመውም። ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይጀመር፤ ስምንት ጊዜ ይታይ። የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የአባላዘር በሽታ፣ ሁሉም ሳይታወቁ ምጥ ያስቀድማሉ፣ ሁሉም ቀድመው ከታወቁ ይታከማሉ። በልጅነት ማርገዝና ሳያርፉ ደጋግሞ መውለድም እንዲሁ ነው። ስለ ጫት ግን ሳልናገር አላልፍም፤ በአካባቢያችን በነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት የሚቅሙ እናቶች ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ልጅ የመውለዳቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። ጫት የብዙ ቤት እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምጠይቀው ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችን በዚያ ዘጠኝ ወር እንድትተወው፣ ቤተሰቡም እንዲያግዛት ነው።

ሳምንቱን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅምም በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ያለጊዜው ሊወለድ ለሆነ ልጅ ሳንባው ቶሎ እንዲበስል ለእናቲቱ የሚሰጥ መርፌ አለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1972 በኒውዚላንድ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች ለዓለም አሳዩ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ መድኃኒቱም አገራችን ውስጥ አለ። ግን የሚሰጠው በተወሰኑ ሳምንታት መካከል ነው፤ ሥራውን ለመሥራትም ሰዓታት ይፈልጋል። እናቲቱ መቼ እንዳረገዘች ካልታወቀ ሐኪሙ እጁ ይታሰራል፤ ምጡ ከጠና በኋላ ከደረሰች ደግሞ መድኃኒቱ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ የመጨረሻው የወር አበባዋ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን አንዲት እናት በበሩ ጀርባ በከሰል እንኳ ብትጽፈው፣ ልጇን የምታድንበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሆድ ቁርጠት መስሎ የሚመጣና የሚሄድ፣ ወገብን የሚይዝ ሕመም፣ የሚፈስ ውኃ ወይም ደም፣ ቀኗ ሳይደርስ ከታየባት ሌሊትም ቢሆን አይታደር።

ወደ መጨረሻው ጉዳዬ መጣሁ፤ አፎቻና ዕድሮችን የጠራሁበት ዋና ነገር እሱ ነው።

በከተማችን ሰው ሲሞት ብቻውን አይሞትም። አፎቻው ይሰበሰባል፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤቱ ያለቅሳል። በአምስተኛ ቀኑ የሞተ ጨቅላ ግን በጠዋት ሁለት ሦስት ወንዶች ወስደው ይቀብሩታልና ያበቃል። ለእናቲቱ «ሌላ ይሰጥሻል» ይባላል። እንዳታለቅስም ይነገራታል። ያየኋቸው አንዳንድ የዕድር ደንቦች ለአራስ ልጅ ሞት ምንም ቦታ የላቸውም። በመንግሥት መዝገብም ቢሆን ብዙ ጊዜ የለም፤ በሕጉ መሠረት የተወለደ ልጅ በ90 ቀን፣ የሞተ ሰው በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ ሲገባው፣ ለአምስት ቀን ኖሮ የሞተው ልጅ በልደቱም በሞቱም ሳይጻፍ ያልፋል። በከተማችንና በቀርሳ ወረዳ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚሠራበት፣ በቻምፕስ ስም የሚታወቀው የሕፃናት ሞት ምክንያት ጥናት አለ። ከሞተ ልጅ ሰውነት ላይ በመርፌ ትንሽ ናሙና ወስዶ የሞቱን ምክንያት ያጣራል። ለምሳሌ በአካባቢያችን የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሕፃናትን እንደሚገድል ያሳየን ይህ ጥናት ነው፤ ይህ ጉድለት ባብዛኛው ከእርግዝና በፊት በሚወሰድ ፎሊክ አሲድ የሚቀንስ ነው። ይህን ልናውቅ የቻልነው በዚያ መራር ሰዓት «እሺ፣ ሌላው ይትረፍ» ያሉ ወላጆች ስለነበሩ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሲያልፉ ብታይዋቸው ግን እንደ ባለውለታ ታዩአቸው ዘንድ እወዳለሁ።

እኛ ደግሞ የምንጠይቃችሁ ከዚያ ያነሰ ነው። ለእያንዳንዱ አፎቻና ዕድር አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። በአባላቶቻችሁ ቤት የተወለደ ልጅ ሁሉ የተወለደበት ቀን፣ በስንት ወር ከስንት ቀን እንደተወለደ፣ ተመዝኖ ከሆነ ክብደቱ፣ ሙሉ ወር መድረሱ ወይም አለመድረሱ ይጻፍ። የእናት ስም አያስፈልግም። የሞተም ከሆነ ይጻፍ፤ አንድ ሰዓት ብቻ የኖረውም ይጻፍ። ሁለተኛው ልመናዬ፣ ልጇ ሆስፒታል የተኛባትን አራስ አፎቻው ተራ ገብቶ ምግብ እንዲያደርስላትና ቤት የቀሩትን ልጆች እንዲጠብቅላት ነው። ለሠርግና ለሐዘን የምትወጡበትን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሦስተኛው፣ ከየአፎቻው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ ቢቻል አያቶች፣ መጥተው ልጅ በደረት መታቀፍን በአሻንጉሊት ከአዋላጆቻችን ጋር እንዲለማመዱ ነው። ልምምዱ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰማያዊዎቹ በአማርኛ፣ አረንጓዴዎቹ በሐረሪና በኦሮምኛ ተዘጋጅተዋል። አዋላጅ ነርሶቹ እዚያው ይቆያሉ፤ ኮፍያና አሻንጉሊትም ይዘዋል። ዛሬውኑ መሞከር የምትፈልጉ እናቶችና አያቶች ካላችሁ ጋቢያችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ጠጋ በሉ።

አመሰግናለሁ።